ሰባተኛው ካሴት

ስምንት ዓመቴ ላይ የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። አባዬ ጨርቅ ይቆርጣል፣ እማ ትሰፋለች፣ ከቤታችን ውጭ ካለው ሰው ጋር የምነጋገረው ግን እኔ ነኝ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በሩን ሲያንኳኳ፣ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲላክ፣ የጎረቤት ውሻ የተሰጣ ልብስ ሲጎትት፣ "ሄራንን ጥሯት" ይባላል። ከኮሪያ ወደ ቡኤኖስ አይረስ ስንመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ስፓኒሹን እንደ ውሃ ጠጣሁት። ወላጆቼ ግን ከሰላምታና ከ"ስንት ነው" አላለፉም።

ሰፈራችንን ኮሪያውያኑ "መቶ ዘጠኝ" ይሉታል፤ የመቶ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ መጨረሻ ስለሆነ። ጠዋት ጠዋት እማና እኔ በዚያ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኦንሴ እንወርዳለን። የአክስቴ የስፌት ቤት እዚያ ነው፤ ትምህርት ቤቴም ከእሱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ወደዚህ አገር ያመጣችንም፣ ሥራ የሰጠችንም እሷ ስለሆነች፣ እሷ ስትናገር ሌላው ሰው ዝም ይላል።

ወንድሜ ዶንጉክ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። እማ አዝላው ነበር የምትሰፋው። የስፌት መኪናው ሲያጓራ እሱም ከጀርባዋ ላይ ሆኖ አብሮ ያጓራል፣ መኪናው ቀጥ ሲል እሱም ቀጥ ይላል። ሠራተኞቹ ይህን ለማየት ሲሉ እማን "አንዴ አቁሚው እስኪ" ይሏት ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት፣ ብርዱ በገባበት በሰኔ መጀመሪያ፣ የተወለድንበት አገርና የምንኖርበት አገር በዓለም ዋንጫ ተገናኙ። ወር ሙሉ በሰፈራችን ሌላ ወሬ አልነበረም። የኳስ ግጥሚያ በኮሪያኛ "ግዮንጊ" ይባላል። በየሱቁ ግዮንጊ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ግዮንጊ። እኔ ቃሉን የተማርኩት በዚያ ወር ነው። ሰኞ ከሰዓት አክስቴ መኪኖቹን አስቁማ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮልን። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። አባዬ "አንድ ማግባታችንም ደግ ነው" አለና ወደ መቀሱ ተመለሰ። ዶንጉክ ያን ጊዜ ሰውነቱ መጋል ጀምሮ ነበር። እማ ብቻ ናት ልብ ያለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ ካፖርቴን አለበሰችኝና "ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለችኝ።

የሐኪም ቤቱ መተላለፊያ እርጥብ ካፖርትና የሕፃን ትውከት ይሸታል። አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ የሚያስሉ ልጆች የታቀፉ እናቶች ናቸው። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን። ዶንጉክ እማ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ዝልፍልፍ ብሏል። ተራችን ሲደርስ ያገኘነው ዶክተር ወጣት ነበር፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። የዶንጉክን ደረት አዳመጠ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ከዚያ እማን ተወና ወደ እኔ ዞረ።

"እናትሽን ጠይቂልኝ። ይበላል? ይጫወታል?"

እማ ትርጉሜን ሳትጠብቅ መናገር ጀመረች። "ከትናንት ጀምሮ እንደ እሳት ይግላል በይው። ዛሬ ጠዋት ግዮንጊ አድርጓል። ሁለት ጊዜ። ሁለት ጊዜ በይው።"

ትንሽ ገረመኝ። ገና በቅጡ መራመድ ያልቻለ ልጅ ምን ግጥሚያ ይገጥማል? ግን የቤቱ አፍ እኔ ነኝ፤ አላውቅም ማለት አልወድም። ዶክተሩም የጠየቀው ስለ መጫወት ነበር። ስለዚህ ለሕፃን የሚስማማውን ቃል መረጥኩ።

"ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለው" አልኩ በስፓኒሽ። "ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተጫውቷል።"

በስፓኒሽ "ተጫወተ" ለማለት "ሁጎ" ነው የሚባለው።

"ሁጎ?" አለ ዶክተሩ። ፊቱ ፈታ አለ።

"ሁጎ" አልኩት።

እማ ፈገግታውን አይታ ግራ ገባት። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ነገርሽው? እንደገና ንገሪው። ሁለት ጊዜ ብላለች በይው።"

"ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ሁጎ ነው የምትለው።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። የሚጫወት ልጅ ለክፉ አይሰጥም። ጉንፋን ነው፤ ከተማውን ሁሉ ይዞታል። ይህን ሽሮፕ ስጡት። ካልተሻለው ሐሙስ መልሳችሁ አምጡት።" ከዚያ ራሴን ዳሰስ አደረገኝ። "አንቺ ደግሞ ጎበዝ አስተርጓሚ ነሽ።"

ያንን የመጨረሻውን አልተረጎምኩላትም፤ አፈርኩ። ግን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በልቤ ስደጋግመው ነበር።

ዶንጉክ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማ ጀርባ ላይ እንዳለ ሞተ። ሐሙስ አልደረሰም።

ከቀብሩ በኋላ እማ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አክስቴ "ለምን ቀደም ብለሽ አልወሰድሽውም?" ስትላት "ወስጄዋለሁ" ትላለች። "ምን እንደሆነ ለምን በደንብ አላስረዳሽም?" ስትላት "ነግሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሰውዬው ሰምቶኝ ስቆ ነው የመለሰኝ" ትላለች። አባዬ ለብቻው ሲሆን "ስቆ?" እያለ ይደጋግማል።

"ሄጄ እጠይቀዋለሁ" አለች እማ አንድ ቀን። "ፊት ለፊቱ ቆሜ ለምን ሳቅህ እለዋለሁ።"

አክስቴ የገበያ ስፓኒሽ ታውቃለች፤ ግን አንገቷን ነቀነቀች። "እኔን እንዳታስገቢኝ። የመኖሪያ ወረቀታችን ገና አላለቀም፤ ከመንግሥት ሐኪም ጋር እሰጥ አገባ አልገባም።"

"እኔ እነግርልሻለሁ" አልኩ።

እማ ወደ እኔ ዞረች። "አይ፣ ልጄ። ይህን በራሴ አፍ ነው የምጠይቀው።"

የፓስተራችን ሚስት አሥራ ሁለት ካሴቶች በጫማ ካርቶን አድርጋ ሰጠቻት። ሴኡል ውስጥ ለስደተኞች ተብለው የተቀዱ ነበሩ። ከካሴቶቹ ጋር አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ቴፕ አዋሰቻት፤ ማዳመጫው ለአንድ ጆሮ ብቻ የሚሆን ነው። እማ ሌላ ጊዜ ስላልነበራት ትምህርቱ አውቶቡስ ላይ ሆነ። በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፤ እኔ ባዶው ጆሮዋ በኩል ነኝ። ቴፑ ውስጥ ያለውን ሰውዬ አልሰማውም። የምሰማው እሷ እየተከተለች የምታንሾካሹከውን ብቻ ነው። "ይህ ወንበር ነው። ያ በር ነው። በሩ ተዘግቷል። በሩን ማን ዘጋው?"

ተሳፋሪው ይስቅባት ነበር። አንድ ጋዜጣ የማይለየው ሰውዬ "ቻይናዊቷ ዛሬም ከመስኮቱ ጋር ታወራለች" ይላል፤ ለእሱ ሁላችንም ቻይናውያን ነን። እኔ አፍሬ ወደ ወንበሩ እሰምጣለሁ። ሾፌሩ ዳርዶ ግን ወደዳት። ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ቀይ መብራት ባስቆመው ቁጥር ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቀሰም የሚስብ ሰው ነበር።

"ሴኞራ፣ ዛሬ ስንተኛው ላይ ደረስን?"

"ሦስት" ትላለች እማ ጣቶቿን አንስታ።

"ሦስት ብቻ? የኔ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ አሁንም መናገር አይችልም፤ አይዞሽ።"

እማ ግማሹ ሳይገባት ትስቃለች። ከዶንጉክ ወዲህ ስትስቅ የማያት እዚያ አውቶቡስ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም አስቀናኝ። ከሰው ጋር የምታወራው በእኔ በኩል መሆን ነበረበት።

ሰኔ አልፎ፣ ሐምሌና ነሐሴም አለፉ። አምስተኛውን ካሴት ስትጨርስ አረፍተ ነገሮቿ ረዘሙ። አንዳንዴ ትምህርቱ ውስጥ የሌለ ነገር ታንሾካሹካለች። "ዶክተር፣ ያስታውሱኛል? ዶክተር፣ ልጄ ሞተ። ለምን ሳቁ?" ደጋግማ፣ ደጋግማ፣ ቃላቱን በምላሷ እያገላበጠች።

በመስከረም አንድ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መስኮቶቹ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሰው፣ እማ ሰባተኛውን ካሴት ከፈተች። ያለፈ ጊዜን የሚያስተምር ነው። "ልጁ በላ" አለች ከቴፑ ኋላ። "ልጁ ጠጣ። ልጁ ሁጎ።"

ቆመች። ቴፑን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ሲመለስ እንደ አይጥ ይጮኻል። "ልጁ ሁጎ።" እንደገና መለሰችው። አራት ይሁን አምስት ጊዜ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ወደ እኔ ዞረች።

"ሄራን፣ ሁጎ ምንድን ነው?"

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። "ተጫወተ ማለት ነው፤ በጣም ቀላል ነው እኮ።"

"ሌላ ትርጉም የለውም?"

"የለውም። መጫወት ነው። እንደ ልጆች መጫወት።"

"ለሕመም አይባልም? ልጅ ሲያመው..."

ሳቅሁ። "እማ ደግሞ። ሰው ሲያመው ይጫወታል?"

ፊቷን አይቼው ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ብዙ ዓመት ኩራቷ ተነክቶ መስሎኝ ኖርኩ፤ ከልጇ መማር ያሳፈራት መስሎኝ። አሁን እኔም እናት ሆኜ ሳስበው፣ ያንን ፊት ማንም ሰው ላይ ደግሜ ማየት አልፈልግም። እጇን አንስታ ጉንጬን ነካችኝ፤ ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። "ጎበዝ" አለችኝ። "ትክክል ነሽ።" ከዚያ ጉም የለበሰውን መስኮት ማየት ጀመረች። መውረጃችንን አለፍነው። ዳርዶ በመስታወት አይቶን "ሴኞራ፣ ኦንሴ አልፏል" ቢላትም አልሰማችውም። እጅጌዋን ጎትቼ ነው ያወረድኳት፤ በዝናቡ ወደ ኋላ ተመልሰን በእግራችን ሄድን።

አንድ ሳምንት ሙሉ ቴፑን አልነካችውም። ከዚያ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን ስለ ዶክተሩ የምታንሾካሹከው ቀረ። ሌላም ነገር ተለወጠ። እኔን ማስተርጎም ተወች። የትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር ስትጠራት አብሬያት ልገባ ስል "ውጭ ጠብቂ" አለችኝ። በበሩ ስንጥቅ ሰማኋት፤ ወንዱን በሴት፣ ትናንትን በነገ እያደባለቀች፣ ዳይሬክተሯ "እንዴት? እንዴት አሉኝ?" እያለች። ዳቦ ቤትም፣ ፖስታ ቤትም እንዲሁ። አፌን ልከፍት ስል እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። "አንቺ ልጅ ነሽ። የትልቅ ሰው ነገር አትሸከሚ።"

እኔ የተረዳሁት ግን ከዙፋኔ እንዳወረደችኝ ነበር። ምን አጠፋሁ? ጎበዝ አስተርጓሚ የተባልኩት እኔ አይደለሁም? ለምን አስጠላኋት?

በጥቅምት፣ የስፌት ቤቱ ምሳ ላይ፣ አክስቴ ነገሩን አነሳችው። ሩዙና ኪምቺው በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል፤ አባዬ ከእማ ማዶ ተቀምጧል።

"የሄራን እናት፣ ስፓኒሹ እንዴት ሆነ? ያንን ዶክተር መቼ ነው የምትጠይቂው?"

"አልሄድም" አለች እማ ቀና ሳትል።

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንዴት አትሄጂም?"

"ትቼዋለሁ።"

"አራት ወር ሙሉ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ ስትዪ ከረምሽ" አለች አክስቴ። "አሁን ትቼዋለሁ? ወይስ የተናገርሽው ነገር አልነበረም?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሄራን፣ አንቺ ነበርሽ። እናትሽ ዶክተሩን ምን አለችው?"

እማ ያኔ ቀና አለች። ለመናገር አፏ ተከፍቶ ነበር። እኔ ግን ቀደምኳት። ለሳምንታት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ልጁ ይጫወታል አለችው" አልኩ። "ጠዋት ሁለት ጊዜ ተጫውቷል አለችው። ዶክተሩም ለዚህ ነው የሳቀው።"

ግዮንጊ የሚለውን ቃል በልቤ ከተረጎምኩት ብዙ ቆይቶ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው "ተጫወተ" ብቻ ነው። አልዋሸሁም።

የአንዷ ሠራተኛ መኪና ቀጥ አለ። አክስቴ በዝግታ ተነሳች። "የሚሞት ልጅ ታቅፈሽ ይጫወታል አልሽ?"

እማ እኔን አየችኝ። አባዬን አላየችም፣ አክስቴን አላየችም። እኔን ብቻ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ይገባቸው ነበር፤ ሁለቱም ኮሪያኛውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ያየሁት የተጋለጠች ውሸታም ነበር።

"አዎ" አለች። "እንደዚያ ነው ያልኩት። ሕመሙን ብናገር አስተኝተው ያቆዩታል፣ ሥራው ሳያልቅ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሄራን የተናገረችው እውነት ነው።"

አባዬ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው የስፌት ቤቱ ውስጥ ጨርቅ ላይ መተኛት ያዘ። በኅዳር አጋማሽ ሳኦ ፓውሎ ዘመድ አለኝ፣ ሥራ እዚያ ይሻላል ብሎ ሄደ። ሊጠራን ነበር። ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ በኋላ እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። እማ አንድም ቀን ስሙን በክፉ አላነሳችውም።

እሱ ከሄደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እንደ ሁልጊዜው አውቶቡሱ ላይ ነን። ሙቀቱ ገብቷል፣ መስኮቶቹ ተከፍተዋል። እማ አሥረኛውን ካሴት ትከተላለች።

"አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳት።

"አላውቅም፣ ልጄ።"

ያ "አላውቅም" ውስጤ የነበረውን ሁሉ ገለበጠው። ወንበሩ ላይ ቆምኩ። በኮሪያኛ ብናገር የሚሰማኝ እሷ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ሁሉም እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። በክፍል ውስጥ ንባብ በምናነብበት ድምፅ፣ ቃላቱን አጥርቼ፣ በስፓኒሽ ተናገርኩ።

"ይህች እናቴ ናት። ወንድሜን የገደለችው እሷ ናት። ለሐኪሙ ዋሸችው። አባዬም በእሷ ምክንያት ነው የሄደው።"

ጋዜጣው ዝቅ አለ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ አማተበች። ዳርዶ በመስታወቱ አየን፤ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

እማ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። አንድም ቃል አላመለጣትም። ለዚህ ለዚህ የበቃ ስፓኒሽ ተምራ ነበር። ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዞረች፤ አንድም ስህተት የሌለበት የመጀመሪያውን አረፍተ ነገሯን ያን ዕለት ሰማሁት።

"ልጄ እውነቷን ነው።"

ከዚያ በኮሪያኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ቁጭ በይ። አውቶቡሱ ሲቆም ትወድቂያለሽ" አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አልተጣላንም። ታበላኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ለፈተና ስዘጋጅ እየሰፋች አብራኝ ትቀመጣለች። እኔ ግን ከአፏ የሚወጣውን ነገር አላምንም ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ለብቻዬ ቤት ተከራየሁ፤ ሲመቸኝ እሑድ ብቅ እላለሁ። እሷም "መጣሽ" ትላለች፣ ያላትን ታስበላኛለች፣ አትጠይቀኝም።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ልጅ ወለድኩ። ስምንት ወር ሲሆነው አንድ ቅዳሜ በመቶ ዘጠኝ፣ ኮሪያውያን የሚገበዩበት ሱቅ ወረፋ ላይ አዝዬው ቆሜያለሁ። ፊቴ ያሉት ሁለት አሮጊቶች ይጨዋወታሉ።

"የልጅ ልጄ ትናንት ግዮንጊ አድርጎ ነፍሳችንን አወጣው" አለች አንዷ።

ቃሉን ለዓመታት አልሰማሁትም ነበር። በቤታችን ከዶንጉክ ወዲህ ኳስ እንኳ ሲታይ "ጨዋታው" ነው የሚባለው፤ እማ ያንን ቃል አትወደውም ነበር። ሳቅ ብዬ "እና ከማን ጋር ገጠመ?" አልኳት።

ሴትዮዋ እንደተፋሁባት ሁሉ ገላመጠችኝ። "በዚህም ይቀለዳል፣ ልጄ? ልጅ አዝለሽ?"

"ግዮንጊ የኳስ አይደለም እንዴ?"

"እሱ ሌላ ነው፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ። ሕፃን ትኩሳቱ ሲበረታበት ዓይኑ ይገለበጣል፣ እጅ እግሩ ይንዘፈዘፋል። ያን ነው የምንለው። እናትሽ አልነገረችሽም?"

"አልነገረችኝም" አልኩ።

የያዝኩትን መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። ስንት መንገድ እንደሄድኩ አላስታውስም። ልጄ ጀርባዬ ላይ ያለቅሳል፣ እኔ እሄዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ግዮንጊ አድርጓል በይው። ሁለት ጊዜ በይው። በስምንት ዓመቴ ፊት ለፊቴ ተነግሮኛል፤ እኔ ደግሞ ለዶክተሩ ልጁ ይጫወታል ብዬዋለሁ። እማ ይህን ያወቀችው መቼ እንደሆነም ያኔ ገባኝ። በዝናብ ቀን፣ አውቶቡስ ላይ፣ ከቴፕ። ማረጋገጫውን የሰጠኋትም እኔው ነኝ፤ እየሳቅሁ።

እማ ቤት ስደርስ መኪናዋ ላይ ነበረች። ቀሚስ ትከፍፋለች። ልጁን ተቀብላኝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

"ግዮንጊ ነው ያልሽኝ" አልኳት።

እጇ ቆመ። ልጄ ክሩን ለመያዝ ይንጠራራል። "ማን ነገረሽ?" አለች።

"ሱቅ ውስጥ። የማላውቃት ሴትዮ።"

"ሰው ሥራ ያጣል" አለች እማ። ከልቧ የተናደደች ይመስል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀችውን አንዲት ወረፋ የሰለቻት አሮጊት ጣለችባት።

"ለምን ዝም አልሽ? አባዬ እኮ ጥሎሽ ሄደ። አክስቴ ገዳይ ብላሻለች። እኔ... እኔ አውቶቡስ ላይ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?"

"ስምንት ዓመትሽ ነበር።"

"አባዬ ቢያውቅ አይሄድም ነበር።"

"ቢያውቅ ይቀር ነበር። ግን አንቺን ባየ ቁጥር ምን ያይ ነበር?" ልጄን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "አንዱን ቀብሬ ተመልሻለሁ። አንቺን ደግሞ በቁምሽ ልቅበርሽ?"

አለቀስኩ። እንደዚያ ያለቀስኩት ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም የለም። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ እያልኩ ጉልበቷ ላይ ግንባሬን ደፋሁ። እሷ ተወችኝ። ጮክ ብዬ እስክጨርስ ተወችኝ። ከዚያ በልጅነቴ አውቶቡስ ላይ ሳንቀላፋ እንደምታደርገው ጸጉሬን ከግንባሬ ገለል አደረገችው።

"ደግሞም የተሳሳተ ነገር አልተናገርሽም" አለችኝ። "ያን ዕለት ጠዋት፣ አንቺ ሳትነሺ፣ ትኩሳቱ ቀነስ ብሎለት ነበር። የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቆርቆሮ ክዳን ወለሉ ላይ አንከባለልኩለት። በዳዴ ሄዶ ይዞት መጣ። እንደገና አንከባለልኩለት፤ እንደገና ሄዶ አመጣው። ሁለት ጊዜ። ሕመሙ የመጣበት ከዚያ በኋላ ነው።" ዓይኔን አየችኝ። "ተጫውቷል። ለዶክተሩ የነገርሽው እውነት ነው።"

ያን ጠዋት እኔ ተኝቼ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እማ ለእኔ ስትል ስንት ነገር መዋሸት እንደምትችል ደግሞ ገና ከደቂቃዎች በፊት ነው ያወቅሁት።

"እሺ፣ እማ" አልኳት። "አመንኩሽ።"